ቢጫው የሌለበት ጠርሙስ

እማዬን ጉልበቷን የሚያማት ደረጃ ስትወጣ ሳይሆን ስትወርድ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሑድ ቅዳሴ ስንሄድ አንድ እጇን የደረጃው ብረት ላይ፣ ሌላውን እኔ ትከሻ ላይ ታደርግና የሚያማትን ቀኝ እግሯን አስቀድማ አንድ በአንድ ትወርዳለች። መሀል ላይ ቆም ትልና «ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ነው» ትለኛለች። ትንፋሿ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐኪሟ የጉልበቷ መገጣጠሚያ በዕድሜ ተጎድቷል ብለውናል። ማስታገሻ ክኒን ሞልቷል፤ ግን እማዬ በልብ ምቷ ምክንያት ደም ማቅጠኛ ስለምትወስድ ጠንከር ያሉት ማስታገሻዎች ደም ያፈስሱባታል ተብሎ ተከልክላለች። የተረፈላት ፓራሲታሞል፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ላስቲክና የእኔ እጅ ነው። ከክኒን ውጭ የሆነ ነገር ፍለጋ የጀመርኩት በዚህ የተነሳ ነው፤ ፍለጋው ደግሞ አንድ የመዋቢያና የቅባት ሱቅ አደረሰኝ።

ጠርሙሱ ትንሽ፣ ቡናማ፣ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነው። ክዳኑ ጠብታ በጠብታ ያወርዳል። ሻጩ ትሑት ልጅ ነበር፤ እናቴን እንደማስታምም ስነግረው አዘነልኝ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ እርድ ነው። ቢጫው ነገር፣ ኩርኩሚኑ ተጨምቆ ነው እዚህ ውስጥ የገባው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ጠብታ ሞቅ ባለ ውሃ አጠጪያቸው፣ ማታ ማታ ደግሞ ጉልበታቸውን ቅቢያቸው» አለኝ። እርድ ሲባል ማን ይፈራል? ከልጅነቴ ጀምሮ አልጫ ውስጥ የበላሁት፣ እናቴ በማንኪያ ጫፍ እየለካች የምትጨምረው ቅመም ነው። ጥርጣሬ እንኳ አልገባኝም።

በዚያው ማታ፣ ከምንም ሳልቀላቅል፣ ሰባት ስምንት ጠብታ ያህል ጉልበቷ ላይ አፍስሼ አሸሁት። ሽታው ቤቱን ሞላው። እማዬ ዐይኗን ጨፍና «ደስ ይላል» አለች። ጠዋት ነጠላዋን ገለጥ ሳደርግ ጉልበቷ ላይ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቀይ ሽፍታ ወጥቶ አገኘሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክካትና ሲያቃጥላት አድሯል። ለምን አልቀሰቀስሽኝም ብዬ ተቆጣሁ። «ልጄ ደክማ ያመጣችው ነው፤ እንዴት ብዬ ልበልሽ» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ጠዋት ነው ብል ውሸት አይሆንም።

መድኃኒት ቤት የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ዘንድ ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው ሽፍታውን አልነበረም። «አጠጥተሻታል እንዴ?» አለኝ። ገና አልጀመርንም ነበር። ተመስገን አለ። በቤተ ሙከራ የዚህ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጠባይ ታይቶበታል፤ ደም ማቅጠኛ በምትወስድ አሮጊት ላይ ይህን በግምት የሚጨምር ሰው ምን እንደሚያስከትል አያውቅም ማለት ነው። ሽፍታውን በተራ የምግብ ዘይት ጠርገሽ በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ ውሃ ብቻ ዘይትን አያነሳም አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠፋ። እኔ ግን ማንበብ ጀመርኩ፤ እንደዚያ ሳልጠይቅ መቀባቴ ስለቆጨኝ እስከ መጨረሻው ላውቀው ፈለግሁ።

ከስሙ ልነሳ። በአማርኛ ገጾች ላይ ይህን ዓይነት ዘይት «አስፈላጊ ዘይት» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ቃሉ ለሰውነት የግድ የሚያስፈልግ ነገር ያስመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የፈረንጁ ቃል የመጣው «የተክሉ ዋና ባሕርይ፣ መዓዛው» ለማለት ከሚጠቀሙበት ስም ነው። ስለዚህ እኔ መዓዛማ ዘይት እለዋለሁ። ስሙ ሲስተካከል ግማሹ ስሕተት አብሮ ይስተካከላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የእርድ መዓዛ እንጂ እርዱ አይደለምና።

የሚወጣበት መንገድ ከአረቄ አወጣጥ ጋር አንድ ቤት ነው። የተፈጨው ሥር ላይ እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ በሥሩ ውስጥ ያለውን ቀላልና የሚተን ነገር ይዞ ይወጣል፣ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፣ ዘይቱም ከውሃው ተለይቶ ላይ ይንሳፈፋል። እንደ ዝርያውና እንደ አደራረቁ ቢለያይም ከ100 ኪሎ ደረቅ እርድ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዘይት ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ተርሜሮን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ዋናው አር-ተርሜሮን ይባላል። ኩርኩሚን የሚባለው ቢጫው ነገርስ? እሱ ከባድ ነው፤ በእንፋሎት አይበርም። ቢጫው ሁሉ ከድስቱ ሥር፣ ከአተላው ጋር ይቀራል። ሻጩ «ኩርኩሚኑ ተጨምቆ» ያለኝ ጠርሙስ ውስጥ ኩርኩሚን የለም።

ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ቴፒ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሸካ ደን አጠገብ ያለችው ከተማ። አንድ ዓመት እዚያ አስተምሬያለሁ። አገሩ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ እርዱ ጎን ለጎን ይበቅላል። የብሔራዊው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም እዚያው ነው። ከቡናው በስተቀር ሌሎቹ ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች መሆናቸውን ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ቅጠላቸውን ጨፍልቆ ያሸተተ ሰው ዝምድናቸውን ይጠረጥራል። እ.ኤ.አ. በ2012 አጠውልግ በሽታ ዝንጅብሉን ጠራርጎ ሲያጠፋው ወደ እርድ የዞሩ ገበሬዎች ነበሩ። የቤት አከራዬ ጋሼ አንዱ ናቸው። «ዝንጅብል ከዳን፣ እርድ አልከዳንም» ይሉ ነበር።

በበጋ፣ እርዱ ከተቆፈረ በኋላ፣ ጓሯቸው ውስጥ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል እሳት ላይ ይጣዳል። ታጥቦ የገባው ሥር እስኪለሰልስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈላል። ጋሼ አንዱን ሥር አውጥተው በስንጥር ይወጉታል፤ ስንጥሩ ሳይከብደው ከገባ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ለሁለት ሳምንት ገደማ ፀሐይ ይመታዋል፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል። ታዲያ በርሜሉ ሲከደንና ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት መንደሩን ያውደዋል። የተቆረጠ እንጨትና የረጠበ አፈር ሽታ ነው፤ ከበስተኋላው ዝንጅብል፣ ትንሽም የብርቱካን ልጣጭ አለበት። ልብሴ ላይ አድሮ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ «ቲቸር እርድ እርድ ትላለች» ይሉኝ ነበር። ያቺን ቡናማ ጠርሙስ የከፈትኩ ቀን የሸተተኝ ያው እንፋሎት ነው። ዘይቱ ከበርሜሉ ሲያመልጥ ለአንድ ዓመት ስተነፍሰው ኖሬያለሁ።

ጠርሙሱ ላይ ግን «የሕንድ ምርት» ይላል። ከዓለም እርድ አብዛኛውን የምታመርተው ሕንድ ስለሆነች አይገርምም። ቢሆንም ያሳዝነኛል። እኛ ሥሩን አድርቀን በጆንያ ስንሸጥ መዓዛው ተጣርቶ በትንንሽ ጠርሙስ ይመለስልናል። በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ሽታ ባላቸውና ለመድኃኒት በሚሆኑ ተክሎች ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል፤ ዕውቀቱ አገር ውስጥ አለ። የጋሼ በርሜል ላይ የማቀዝቀዣ ቱቦ የሚገጠምበት ቀን ቢመጣ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ያነበብኩትን በዐይኔ ማየት ፈለግሁ። ከአሮጌ ነጠላ ላይ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቀደድኩ። በአንድ በኩል ከማሰሮ የወጣ የእርድ ዱቄት በትንሽ የምግብ ዘይት ለውሼ ቀባሁበት፤ በሌላው በኩል ሁለት ጠብታ ከጠርሙሱ አደረግሁበት። የዱቄቱ በኩል እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆነ። የጠርሙሱ በኩል እንደ ደከመ ሻይ ፈዘዝ ያለ ክብ ብቻ ተወ። ከዚያ የልብስ ሳሙና በውሃ አራስሼ ሁለቱንም ነካካኋቸው። አልጫ የፈሰሰበትን ልብስ ያጠበ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የዱቄቱ ቢጫ ዐይኔ እያየ ወደ ደም መሰል ቀይ ዞረ፤ ኩርኩሚን ሳሙና ሲነካው ቀለሙ ይለወጣልና። የጠርሙሱ ክብ ግን እንዳለ ቀረ። እማዬ ከአልጋዋ ሆና ታየኝ ነበር። «አሃ፣ ቢጫው የለበትም» አለች። እኔ ሳምንት ሙሉ አንብቤ የደረስኩበት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ደረሰችበት።

ይህን ሙከራ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ቀይ ከሆነ የገዛችሁት እርድ ተዘፍዝፎበት የቆየ ተራ ዘይት ነው ወይም ቀለም ያለው ሌላ ውጥ (ከእርዱ ተነጥሎ የወጣ ነገር) አለበት፤ በእንፋሎት የተጣራ መዓዛማ ዘይት አይደለም። ሁለቱም ጥቅም ሊኖራቸው ይችላል፤ አጠቃቀማቸው ግን ለየቅል ነው። ተዘፍዝፎ የተሠራውን በእጅ ሙሉ ትቀቡታላችሁ፤ የተጣራውን እንደዚያ ስትቀቡት የእናቴ ጉልበት ላይ የሆነው ይሆናል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ቃላት ለመሰንጠቅ አይደለም። ዘይቱን የሚሸጡት ሰዎች የሚጠቅሱት ጥናት አብዛኛው የቢጫው ስለሆነ ነው። ለምሳሌ በታይላንድ 367 የጉልበት ሕመምተኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ብዙ ቦታ ይጠቀሳል። ግማሾቹ በቀን 1,500 ሚሊ ግራም የእርድ ውጥ፣ ግማሾቹ 1,200 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ለአራት ሳምንት ወስደው ሕመሙ በሁለቱም ተመጣጣኝ በሆነ መጠን ቀነሰ፤ የእርዱ ቡድን ላይ የሆድ ሕመሙ አነስ አለ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን የተዋጠው በካፕሱል የታሸገ፣ ኩርኩሚን የበዛበት ውጥ ነው። ከኔ ጠርሙስ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። ያን ጥናት እየጠቀሱ ይህን ጠርሙስ ለታመመ ሰው መሸጥ በደል ነው፤ ለስለስ አድርጌ ልለው አልችልም።

በራሱ በዘይቱ ላይ የተሠራ ጥናት ስፈልግ ያገኘሁት ደግሞ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠኝ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ነው። መገጣጠሚያቸው እንዲያብጥ በተደረጉ አይጦች ላይ የእርድ መዓዛማ ዘይት ሞከሩ። ሆዳቸው ውስጥ በመርፌ ሲሰጣቸው እብጠቱን ከ90 እስከ 100 በመቶ አስቀረው። ማንም ሻጭ የሚመኘው ቁጥር ነው። ግን አይጦቹ ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ። በአፍ ሲሰጣቸው፣ መጠኑ ሃያ እጥፍ ተደርጎ እንኳ አልጎዳቸውም፤ እብጠቱን የቀነሰው ግን ወደ 20 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዘይቱን አቃልዬ አላየሁትም፤ ተአምር አድርጌም አላየሁትም። ጉልበት ያለው ነገር ነው። ጉልበት ያለው ነገር ደግሞ በሻጭ ግምት አይጠጣም።

አር-ተርሜሮን ለአንጎል ይጠቅማል ሲባልም ትሰሙ ይሆናል። ምንጩ ጀርመን ውስጥ ዩሊክ ባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሥራ ነው። አይጦች አንጎል ውስጥ ሲወጋ ወደ ነርቭ ሕዋስነት የሚያድጉት ሴሎች በዙ። ተስፋ ሰጪ ጅማሬ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ለሚረሱ አያቶች ጠብታ ማዘዝ ግን ከተመራማሪዎቹም ቀድሞ መሮጥ ነው።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ትንኝን በማባረር የተሻለ ማስረጃ አለው። ታይላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሙከራ የእርድ ዘይት 5 በመቶ ቫኒሊን ተጨምሮበት ሲቀባ ሦስት ዓይነት ትንኞችን እስከ ስምንት ሰዓት እንደሚያርቅ አሳይቷል። ቫኒሊኑ የሚጨመረው ዘይቱ ቶሎ ስለሚተን እንዲያቆየው ነው፤ ብቻውን ከሆነ ቶሎ ይደክማል። ቴፒ በነበርኩ ጊዜ ወባ ሁለቴ ጥሎኛልና ይህን ሳነብ ልቤ ደንገጥ ብሏል። ቢሆንም አጎበርን የሚተካ ነገር አይደለም። ማታ በረንዳ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን መልካም ነው። ነቀዝንም ያርቃል፤ እህል ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በደንብ ታይቷል።

ስለ ቢጫውና ስለ መዓዛው ሳስብ ብዙ የቆየሁት ግን እማዬ ድስት ላይ ነው። አልጫ ስትሠራ ሽንኩርቱን በዘይት ታበስልና እርዱን እዚያው ዘይት ላይ ትጨምረዋለች፤ ውሃ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬ ያለበት መከለሻ ቆንጠር አድርጋ ትነሰንስበታለች። ኩርኩሚን በውሃ አይሟሟም፣ በቅባት ይሟሟል። ብቻውን ሲበላ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የታወቀ ጥናት ውስጥ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን አብሮ ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው ሃያ እጥፍ አድጓል። የእርዱ መዓዛማ ዘይት ራሱ አብሮት ሲኖር ኩርኩሚኑ የተሻለ እንደሚገባም ታይቷል። እንግዲህ ሁለቱ የተለያዩት ለገበያ ሲባል ነው፤ ድስቱ ውስጥ ግን ቢጫውም መዓዛውም አንድ ላይ ናቸው። ድስት ላይ እንደ መድኃኒት የሚለካ መጠን የለም፣ እማዬም ጉልበቷን ልታክምበት ብላ አልሠራችውም። ሥርዓቱን ከእናቷ ነው የተማረችው፤ «ዘይት ያልነካው እርድ ጥሬ ጥሬ ይላል» ነው ምክንያቷ።

ጠርሙሱን አልጣልኩትም። ሐኪሟን አስፈቅደን፣ ሽፍታው ከጠፋ ከወር በኋላ፣ እንደገና ጀመርን። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ላይ ሦስት ጠብታ፤ ወደ 1 በመቶ መሆኑ ነው። ጉልምስና ላይ ያለ ጤነኛ ሰው እስከ 2 በመቶ ሊሄድ ይችላል፣ የእናቴ ቆዳ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኗል። በመጀመሪያ የክንዷ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብቼ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ምንም አልሆነም። ጠርሙሱ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጣል፤ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፣ የተበላሸው ደግሞ ቆዳን ይበልጥ ያቆጣል። ነፍሰ ጡር የሆነች እህቴ ስትመጣም ከትናንሽ ልጆቿ እጅ አርቄ እሰቅለዋለሁ። ማንም አይጠጣውም።

ጉልበቷ ድኗል ብዬ አልዋሽም። ደረጃውን አሁንም ቀኝ እግሯን አስቀድማ ነው የምትወርደው። ከታሸች በኋላ ግን እንቅልፍ ቶሎ ይወስዳታል፤ ዘይቱ ይሁን፣ የሰሊጡ ሙቀት ይሁን፣ እጄ ይሁን ለይቼ መናገር አልችልም። ለመለየትም አልሞከርኩም፤ የምሽቱን ሃያ ደቂቃ ማቋረጥ ስላልፈለግሁ። እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ እሷ ብቻዋን ትውላለች። ያቺ ሃያ ደቂቃ የእሷ ወሬ የሚወጣባት ሰዓት ናት። አባቴን እንዴት እንዳገባችው፣ እናቷ እርድ ስትወቅጥ እጇ ለሳምንት ቢጫ ሆኖ እንደሚቆይ፣ በልጅነቷ እሷም ሆን ብላ እጇን እየነከረች ትልቅ ሴት መምሰል እንደሚያምራት የሰማሁት ጉልበቷን እያሸሁ ነው።

ትናንት ማታ ሲኒዋ ውስጥ ስቀላቅል አንገቷን ቀና አድርጋ «ስንት ጠብታ ነው ዛሬ?» አለችኝ።

«ሦስት ነው እማዬ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

ቀኙን ጨርሼ እጄን ልጠርግ ስል ግራ እግሯን ከብርድ ልብሱ አወጣች።

«ግራው አያምሽም እኮ።»

«አያመኝም» አለች። «ግን ቀኙን ሲያሹለት ቁጭ ብሎ ሲያይ አያሳዝንም?»

ሲኒው ውስጥ ትንሽ ተርፎ ነበር። እጄን በእጄ አሙቄ ግራውንም አሸሁላት።